የእጄ ሚዛን

ሃያ ዓመት ሆነኝ ዓሣ ስሸጥ፣ እዚህ ቫልዲቪያ፣
ዝናቡ በማያባራበት የወንዝ ዳር ገበያ።
ከብረቱ ሚዛን ይልቅ መዳፌን ያምናሉ ሰዎች፤
"ኦስቫልዶ፣ ስንት ይሆናል?" ይሉኛል ደንበኞች።
አንጠልጥዬ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፣
"ስምንት መቶ" እላለሁ፤
ሚዛኑም "ልክ ነህ" ይለኛል።
ብሳሳት በአምስት ግራም ነው፣ እሱም ለገዢው ያደላል።

ሰኔ ላይ፣ በእኩለ ሌሊት፣
የሽርት ውሃዋ ፈሰሰና ማካሬናን ይዤ በረርኩ፤
ገና ሃያ አራት ሳምንቷ።
ሊነጋጋ ሲል አንዲት ሐኪም መጥታ
ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ፣
"ስድስት መቶ ዐሥር ግራም" አለችኝ።
እጄን አየሁት።
ይህን ክብደት አውቀዋለሁ!
ለአንድ ሰው እራት የማይበቃ፣
ሴቶቹ "ኧረ ትንሽ ጨምርበት" የሚሉኝ፣
እኔም የምጨምርበት።

እግሯ የአውራ ጣቴን ግማሽ አያህልም።
ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ብርሃን ያሳልፋል፤
ዐይኖቿ ገና አልተከፈቱም፤
ከመሐረብ ያነሰው ዳይፐር እንኳ ሰፍቷታል።
እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ደገምኩ። ሠለስኩ።
የዓሣው ሽታ ግን ከጥፍሬ ሥር፣ ከቢላዋው ጠባሳ
አልወጣ አለኝ።
"ግባ" አለችኝ ነርሷ ኤዴልሚራ፣
"እናቷ እስክትነሳ አንተን ትልመድ።
ግን አትደባብሳት፤ መዳበስ ያማታል።
አንዱን እጅህን በራሷ፣ አንዱን በእግሯ በኩል አኑር፤
ዝም በል፤ እንደ ቤት።"

ዝም ማለት ለካ ሥራ ነው!
ሲቀርፍ፣ ሲበልት፣ ሲጠቀልል የኖረ እጄ
ያን ቀን አርባ ደቂቃ፣ ክብደቱን ሳያሳርፍ፣
እንደ ጣሪያ ቆመላት።
የማወራላት ባጣ ስለ ባሕር አንበሶቹ አወራሁላት፤
ከጠረጴዛዬ ሥር ተጋድመው ሲያገሱ፣
ጭንቅላትና አንጀት ስጥልላቸው
ምስጋና እንደማያውቁ።

ቱቦው ከወጣላት በኋላ ደግሞ ማሽኑ መጮህ አመጣ።
ዘጠና። ሰማንያ። ስልሳ ሁለት።
"ቁጥሩን አትይ፣ ልጅህን እይ" ይሉኛል፤
እኔ ግን የቁጥር ሰው ነኝ።
ኤዴልሚራ የእግሯን መዳፍ በጣቷ መታ መታ ታደርግና
"ረስታው ነው" ትላለች።
"መተንፈሱን። ትንንሾቹ ይረሱታል።"
አርባ ሦስት ዓመት ስተነፍስ
የሚረሳ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።
ከዚያ ወዲህ ሌሊት እየነቃሁ
የማካሬናን ደረት አያለሁ፣ ከፍ እስኪል።

እሷ በየሦስት ሰዓቱ ትታለባለች፤
ማንኪያ የማይሞላ ወተት በብብቷ አቅፋ
በአውቶቡስ፣ በዝናብ፣
ንግሥት እንደምታጅብ።

ከጎናችን የነበረው ሣጥን
ማክሰኞ ጠዋት ባዶ ነው። አንሶላው ተቀይሯል።
ማንም አልጠየቀም።
ወንበሩ ላይ ግን ያላለቀች የሱፍ ኮፍያ ነበረች፣
መርፌው እንደተሰካባት፤
እስከ ማታ ማንም አላነሳትም።
በማግስቱ ማን እንዳነሳት አላውቅም።

በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ሸሚዜን አወለቅሁ።
ኤዴልሚራ ሽቦዎቹን ሰብስባ
ኤሎይሳን ደረቴ ላይ አስተኛቻት።
"በል እንግዲህ፣ ባለ ሚዛኑ" አለችኝ፣ "ስንት ነች?"
ነርሶቹ ሁሉ ዞሩ፤ ወሬው ደርሷቸዋል።
ዐይኔን ጨፈንኩ።
ጆሮዋ ልቤ ላይ ነው። ትንፋሿ እንደ ላባ ይነካካኛል።
ገበያው ጠፋኝ። ግራሙም፣ ኪሎውም።
"አላውቅም" አልኩ፣
ሃያ ዓመት ሙሉ ለማንም ያላልኩትን።
ሳቁብኝ።
ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ፤
አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ ስቅታ ያዛት፤
እኔም አብሬ ዘለልኩ።